የቦርጭ ዘመቻ

ይድረስ ለመሐል ሜዳ ሰፊ ሕዝብ! አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በገዛ ቦርጩ ላይ የመጨረሻውን ዘመቻ አውጇል።

ጎህ ሲቀድ ሲሚንቶ የሞላባቸውን ጣሳዎች ያነሣል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ግን እምብርቱ ላይ ዛሬም አልዘጋ ብሏል። ምሳ ቤት ተቀምጦ በስልኩ ያወጣውን የምግብ ዕቅድ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ ግማሽ እንጀራ በጎመን፣ ዘይት የሚባል የለም።

«የጾም ምግብ ደግሞ ማንን አወፈረ? በሞቴ!» ይላሉ የምሳ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩሸዋ፣ በሱፍ የራሰ ፍትፍት ጠቅልለው።

«ይተዉኝ እትዬ! እጮኛዬ ለፋሲካ ከቤሩት ትገባለች። የላክሁላት ፎቶ ከአንገት በታች የሌላ ሰው ነው።»

«በሞቴ አልኩህ!»

እንቢ ቢል ሞታቸውን እንደተመኘ ሊቆጠር ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፉ ተከፈተ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም የምትበላው እዚያው ነው፤ ጉርሻህን ወደዚያ አፍ ከመስደድህ በፊት እባክህን ያችን ፎቶ አስብ!