ፊልሙ ያላሳየው ሽብልቅ

ድንጋይ ጠራቢው የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ የድንጋይ ካባው ተንዶ ግማሽ ቀን ከሥሩ ውሎ ነበር። ፈልፍለው ያወጡት ሙያውን ያስተማሩት አለቃው ናቸው። ሁለት ጣቶቹን እዚያው ጥሎ ወጣ። ቤተሰቡ "ከእንግዲህ ድንጋይ በሩቁ" ሲለው፣ አለቃው ግን "ሲሻልህ ና፤ ድንጋይ ያለ ጉልበት እንዴት እንደሚከፈል አሳይሃለሁ" አሉት። አሳዩትም። ድንጋዩ ላይ ጉድጓዶች በመስመር ይፈለፈላሉ፤ በየጉድጓዱ ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ ይመታል፤ ከዚያ ውሃ ማጠጣት ነው። እንጨቱ ሲያብጥ ድንጋዩ በልኩ ይሰነጠቃል።

ካረጀ በኋላ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ከከተማው ዳር ያለውን ጥንታዊ የቆመ ድንጋይ ማን እንደጠረበው ጠየቁት።

"ስሙን አላውቅም፤ አሠራሩን ግን ላሳያችሁ" አለ። ሁለት ቀን ለፍቶ አንድ ድንጋይ ፊታቸው ከፈለ። ካሜራ ያዡ እንኳ አጨብጭቧል።

ፊልሙ የታየ ዕለት ቤቱ በጎረቤት ሞላ። ተራኪው በጎርናና ድምፁ "የሰው እጅ ነው፣ ወይስ ከሰማይ የወረደ ኃይል?" ሲል ቆይቶ ጠራቢው ብቅ አለ። "አላውቅም" አለና ጠፋ። ተራኪው ቀጠለ፤ "በሙያው ያረጁት እንኳ ምስጢሩን አያውቁትም።"

"ጋሼ፣ ሁለት ቀን የለፉት ለአንዲት ቃል ነው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤት።

"ለእኔ አንድ ቀን አላውቅም ብሎኝ አያውቅም" አለች ባለቤቱ፤ "ለቴሌቪዥን አስቀምጧት ኖሯል።"

ሁሉም ሳቁ። የልጅ ልጁ ግን አልሳቀችም። "አባባ፣ ታዲያ ድንጋይ በእንጨትና በውሃ ይከፈላል ያልከኝ ውሸት ነበር?"

ይህች ጥያቄ አንጀቱን ቆረጠችው። በማግስቱ ማልዶ፣ ንዴቱ ሳይበርድለት፣ ከአጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሽብልቅ ሠራ፤ ግቢው ውስጥ ባለ ድንጋይ ላይ መትቶ ውሃ ሲያጠጣ ዋለ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

"ጋሼ፣ ሊበቅልልዎት ነው እንዴ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ።

ወደ ማታ ሽብልቁን ነቅሎ ዳሰሰው። ውሃ ሳያጠጣውም ቀድሞ እርጥብ የነበረ እንጨት ነው። አለቃው "እርጥብ እንጨት በልቶ ጠጥቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ብታቀርብለትም አይጠጣልህም" ይሉ ነበር። ንዴት አስረስቶታል። የአሮጌ ወንበሩን እግር ሰብሮ፣ ባለቤቱ እያጉረመረመች፣ እንደገና ጀመረ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ድንጋዩ ጧ አለ። የልጅ ልጁ ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቷ ተከተለችው። "እውነት ነው" አለች ቀስ ብላ፤ "ለቴሌቪዥኖቹ እንጻፍላቸዋ።"

ፊደል የቆጠረው በሃምሳ ዓመቱ፣ ያውም ለብቻው ነው። እስክሪብቶውን በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ጨብጦ እንዲህ ጻፈ፦

"ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ከድንጋይ ሥር ያወጡኝ ሰው ናቸው፤ እሳቸውንም ሰው አስተምሯቸዋል። ከሰማይ የወረደልኝ ሙያ የለም። በዕድሜዬ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ያለኝን ሁሉ የሰጠኝ ሰው ነው፣ በእጁ።"