ታዛቢዎቹ ከመሄዳቸው በፊት

ጦርነቱን ያስቆመውን የሰላም ስምምነት አፈጻጸም ለሚከታተሉ የውጭ ታዛቢዎች አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ፣ የቆይታ ጊዜያቸው ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ይራዘም አይራዘም የሚያውቅ አልነበረም። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ጨርቅ ሊነግድ መቀሌ መጥቶ እዚሁ ስላሳደገኝ ትግርኛን እንደ አማርኛዬ እናገራለሁ።

አንድ ማለዳ ከታዛቢዎቹ መኮንን ጋር በከተማዋ ሰሜን በኩል ወዳለ፣ ተፈናቃዮች ወደሚኖሩበት ትምህርት ቤት ሄድን። ጠና ያሉ ሴት ከአንዱ ክፍል ወጥተው መኮንኑ ፊት ቆሙ። ጥቁር ሰሌዳ ሥር ፍራሽ ዘርግተው መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

«ቤቴ ሳልመለስ ልትሄዱ ነው? ታዲያ ምን ልታዩ መጣችሁ?» አሉት በትግርኛ።

ንግግሩ ከበደኝ። «ለሥራችሁ ያመሰግናሉ፤ ብትቆዩ ደስ ይላቸዋል» ብዬ በእንግሊዝኛ አለሳለስኩት።

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩኝ። «ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እኔ እንደዚያ አላልኩም። አገሬ እያለሁ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ።»

ፊቴ ጋለ። «አደይ» አልኳቸው፣ እናቴ እንደማለት፤ «ታዲያ ለምን ራስዎ አይነግሩትም?»

«ይሄ የቤቴ ጉዳይ ነው። በቋንቋዬ ነው የምናገረው። አንቺ እንዳለ አድርሺልኝ። በይ እንደገና።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለመኮንኑም ጥፋቴን ነግሬ ያሉትን ሳልቀንስ ደገምኩለት። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ውሳኔው የእኔ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ። ለሚወስኑት ይጻፍላቸው።»

መኮንኑ ጻፈ። ሴትዮዋ አስነበቡት። ሁለት ቃል አሳረሙት፤ የተማሪ ደብተር የሚያርሙ ነበር የሚመስሉት።

ከቀናት በኋላ መቀሌ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል ልወጣ ስል ተደወለልኝ፤ የታዛቢዎቹ ጊዜ ተራዝሟል። ያቺ ወረቀት ከወሳኞቹ እጅ ትድረስ አትድረስ ዛሬም አላውቅም። በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤቱ በረርኩ። ሴትዮዋ ልብስ እያጠቡ አገኘኋቸው።

መራዘሙን ስነግራቸው፣ «እስከ መቼ ነው?» አሉ፣ ከሳፋው ቀና ሳይሉ።

ቀኑን ነገርኳቸው። የወራት ጉዳይ ነበር።

«እንግዲያው የሚባክን ቀን የለንም። ሰኞ ይዘሻቸው ነይ። ከየክፍሉ የሚናገር ሰው አዘጋጃለሁ።»

ሰኞ ስንደርስ በየክፍሉ በር አንድ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ አስተረጎምኩ፤ አንድም ቃል አላለሳለስኩም። ሴትዮዋ እስካሁን አገራቸው አልገቡም። እኔም ሥራዬን አልተውኩም፤ በየሳምንቱ እዚያው ግቢ እመለሳለሁ።