ከዓይን ኋላ ያለው ገመድ

አባቴ እልኸኛ ነው፤ እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ፣ አንዲት ጤነኛ ሴት በዐቢይ ጾም የበሬ ዓይን ፍለጋ ለምን እንደዞረች አይገባችሁም።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እኔ አምቦ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አባቴ ደግሞ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ይጽፋል። ከጉደርም ይምጣ ከሸነን፣ ባለጉዳይ ሁሉ እሱን ይፈልጋል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጽፋል፣ በእጅ ጽሕፈቱም ይኮራል።

አዲስ አበባ የመረመረው ሐኪም፣ «ግላኮማ ነው፤ የዓይንዎን ነርቭ እየገደለው ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው ግን የቀረውን ያቆይልዎታል» አለው። አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ካልመለሰልኝ ምን ይሠራልኛል ብሎ ወር ሳይሞላው ጠብታውን ተወው። ስነዘንዘው፣ «ዺሲ! ተይኝ እስቲ! ይኸው እየጻፍኩ አይደል እንዴ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይጽፋል። እኔ ግን በር ሲያልፍ ግራ ትከሻው መቃኑን ሲመታ አይቻለሁ። እናደዳለሁም፣ እፈራለሁም።

እሱ ዘንድ ወሬ ዋጋ የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት ደጅ የተቀመጠ ሰው ማስረጃ ነው የሚፈልገው። እሺ፣ ማስረጃ አመጣለሁ አልኩ። ሐኪሙ የተናገረውን ነርቭ በገዛ ዓይኑ ይየው!

ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ተዘግተዋል። ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ግን ቅርጫ ሊያርዱ መሆናቸውን ሰማሁና ማለዳ ደረስኩ። የበሬውን ጭንቅላት የያዘው ሰውዬ ዓይኑን ብቻ ፈልቅቆ ሊሰጠኝ ሲል ጮህኩበት፦ «ኧረ ተው! እኔ የምፈልገው ከኋላው ያለውን ገመድ ነው፣ ጠለቅ አድርገህ ቁረጥ!»

«ሰው ምላስ ይለምናል፣ አንቺ ገመድ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በጣሳ ይዤ ሄድኩ።

ያ ገመድ ነው ነርቩ፤ እንዲጠነክር ፎርማሊን ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ ስቆርጠው እንዳይሸሽብኝ ካሮት ሰንጥቄ በመሃሉ ሸጎጥኩትና ከነካሮቱ በምላጭ መከተፍ ጀመርኩ። አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው ይቦጨቃል፣ መብራት ይሄዳል፣ ጣቴ ይደማል። ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ። በመጨረሻ ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ስስ ቁራጭ ወጣልኝ። ሰማያዊ ቀለም አጠጥቼ ማይክሮስኮፓችን ላይ አስቀመጥኩት። በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይበት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነው።

እሰይ! በጥቅል በጥቅል የተከፋፈሉ ክሮች፣ በየመሃላቸው ጥቃቅን ሰማያዊ ነጥቦች። ነጥቦቹ የግሊያ ሕዋሳት አስኳሎች ናቸው። ግሊያ የሚታየውን ነገር ወደ አንጎል አያደርስም፤ ያ የክሮቹ ሥራ ነው። አንዱ ዓይነት ግሊያ ክሩን በስብ ይጠቀልለዋል፤ ሌላው እንደ ኮከብ እጁን ዘርግቶ ክሮቹን ይደግፋል፣ ይመግባል። እጆቹን እንኳ በኛ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም፣ እኔም ከመጽሐፍ ነው የማውቃቸው።

ቅዳሜ አባቴን እየጎተትኩ አመጣሁት።

«በጾም ያረድሽው በሬ ይኼ ነው?» እያለ አጎነበሰ። ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ ግራውን ማይክሮስኮፑ ላይ አስጠጋ። ጥቂት ቆየና፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለ።

የማይክሮስኮፑ አምፖል ጉንጩን እያበራው ነበር።

«አልሄደም፣ አባዬ።»

ቀና አለ። ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና ወደ መስኮቱ ዞረ። «መስኮቱስ?»

«ክፍት ነው።»

እሱም አላወቀም ነበር ለካ! ደህናው ዓይን ለሁለቱም ሲያይ ኖሮ የግራው መሞቱን ማንም አልነገረው። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እጁን ልይዘው ስል ገፋኝና ቀኝ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀነ። ረጅም ጊዜ አየ።

«እነዚህ ሰማያዊዎቹ፣ ክሩ ሲሞት የት ይሄዳሉ?»

«የትም አይሄዱም። የክሩን ባዶ ቦታ ይሞሉታል። ግን የክሩን ሥራ መሥራት አይችሉም።»

«ስለዚህ አይመለስም።»

«አይመለስም። የቀኙ ግን ገና አለ፣ አባዬ። እሱን አልሰጥም!» አልኩት፤ ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ። ከበርጩማው ተነሣና እስከ ቤት አብረን ሄድን።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አንድ ወረቀት አቀበለኝ። በዚያ በሚኮራበት ጽሕፈት፣ «ጉዳዩ፦ ስለ ቀኝ ዓይኔ» ይላል። ከሥሩ፣ «የግራው በሌለሁበት ስለተፈረደበት፣ በቀረው ላይ እንዲሁ እንዳይፈረድብኝ ጠብታው በየቀኑ እንዲሰጠኝ በማክበር አመለክታለሁ።» ፈርሞበታል።

አነበብኩት፣ አለቀስኩ። ከዚያ አገጩን ቀና አድርጌ ጠብታውን ጨመርኩለት።