«እቀጥላለሁ» ያለው ቤት

የማኅበራችን ሥራ ቀላል ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የምንኖር ሰዎች ውሃ የትኛው ሰፈር እንደመጣ፣ ታክሲ የት እንደጠፋ የሚያሳይ ድረ ገጽ በነጻ እንሠራለን። ኮድ የሚጽፉት ወጣቶቹ ናቸው። እኔ ዕድሜዬን በጋዜጠኝነት ስላሳለፍኩ ጽሑፉን አርማለሁ፤ የአባላቱን መዝገብ የምይዘውም እኔ ነኝ። አብዛኞቻችን በአካል አንተዋወቅም። ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው መውጣት ስለሚጠይቅ፣ ጎረቤትነታችን ካርታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላይ አዲስ አባል ሲመጣ ይደውልልኝ ነበር። መዝገቡ ላይ አስገባውና ኮዱ ወደሚቀመጥበት ድረ ገጽ ሄጄ የመግቢያ ፈቃድ እሰጠዋለሁ። የሚጠቀምበትን መለያ ስም ፊደል በፊደል ሲነግረኝ ወሬ ይጀመራል። አንዱ ከተጂ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያደረበትን ያጫውተኛል፤ ሌላዋ አከራይዋ ቤቱን እንደሸጠባት። ብቻዬን ነው የምኖረው። እንዲህ ካለ ስልክ በኋላ ቤቱ ወዲያው ዝም አይልም ነበር።

አባላቱ ሲበዙ ግን በእጅ መሥራቱ አልሆነም። አንዳንዱ ፈቃድ ሳያገኝ ይሰነብታል፤ አንዳንዱ ከማኅበሩ ወጥቶም ኮዱ ውስጥ ይመላለሳል። የኮዱ ኃላፊ ሱሉልታ የሚኖር፣ ከተማ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ኮድ ሳይጽፉ ሁለት ፕሮግራሞችን የሚያገናኙበት መሣሪያ አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች አሉ፤ በመስመር ማያያዝ ነው። አባል ሲመዘገብ፣ ፈቃድ ስጠው፣ ቴሌግራም ቡድኑ ላይ ሰላምታ ለጥፍ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በአባልነት ይቀጥሉ እንደሆነ ጠይቅ፤ «እቀጥላለሁ» የሚለውን ካልተጫነ ፈቃዱን አንሳ፣ ከመዝገቡም አውጣው። ሰኞ ሰኞ ለእያንዳንዱ አባል ስልክ «እንደምን ሰነበቱ? ሰፈርዎ ውሃ መጣ?» የሚል መልእክት ይሄዳል፤ የውሃውን መልስ መሣሪያው ራሱ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ቃላቱን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ኮድ ሳይነኩ ኮደር ሆኑ እኮ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሳጥኖቹ በትክክል ሠሩ። ስልኬም መጮህ አቆመ። ቅሬታ አይደለም፤ የሆነው ይህ ነው።

ቡራዩ አንድ ጎልማሳ አባል ነበሩን። ሁላችንም፣ በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት፣ ኦቦ ብቻ እንላቸው ነበር። ገጹን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ታመው ሲያርፉ ቡድኑ ላይ ነፍስ ይማር ተባባልን። ከመዝገቡ ግን ማንም አልሰረዛቸውም፤ የሞተ ሰው ስም ለመሰረዝ እጁ የሚፈጥን የለም። ኋላ የዓመቱ ጥያቄ ተላከ፤ መልስ ሳይመጣ ቀረና ሳጥኖቹ ራሳቸው አነሷቸው።

ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ላይ የኦቦ ሙሉ ስም ወጣ፤ ከሥሩ «እንኳን ደህና ተመለሱ፤ ናፍቀውን ነበር» ይላል። ዘግይቶ ለሚመለስ አባል ብዬ ያዘጋጀሁት ሰላምታ ነው። አንዷ አባል ምንም ሳትናገር ከቡድኑ ወጣች። ሌላው ቀልድ ከሆነ አያስቅም ብሎ ጻፈ። የሱሉልታው ልጅ ደወለልኝ። የሟች አካውንት ተጠልፏል፣ ዛሬውኑ ስሙንም ስልክ ቁጥሩንም ላይመለስ እንዝጋ አለ።

«ማን እንደነካው ሳናውቅ?»

«ጋሼ፣ ኦቦ እንዳልሆኑማ እናውቃለን።»

ልክ ነው። ያም ሆኖ የሌላውን ወገን ሳልሰማ ነገር የመዝጋት ልማድ የለኝም። እስከ እሑድ እንዲታገሰኝ ለመንኩት፤ እሺ አለ፤ ከዚያ በላይ ግን አልጠብቅም አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባን በአየር ጤና ገብቼ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ ወጣሁ። የኦቦን ቤት ያሳየኝ አንድ ባለ ሱቅ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል። «አካም ጅርቱ?» አሉኝ፤ የኔ ኦሮምኛ ከመልሱ በላይ እንደማይሄድ ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ገና ስለ መልእክቱ ሳልጨርስ፣ «እቀጥላለሁ»ን የተጫንኩት እኔ ነኝ አሉ።

«ምን አጠፋሁ? እድሩ ላይ እስካሁን በሱ ስም ነው የሚጠሩት። ስሙ ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ። ድንኳን ሲተከልም የምሄደው እኔ። የእናንተም እንደዚያው መስሎኝ። አባሉ ቤቱ አይደለም?»

እኛ ዘንድ አባሉ ሰውየው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳጥኖቹን ስሠራ ቤት የሚባል ነገር ጭራሽ አልታሰበኝም ነበር።

ለምን አሁን እንደተጫኑት ጠየቅኳቸው። የባላቸውን ስልክ አልዘጉትም። ከሐዘኑ በኋላ ደዋዩ እየቀነሰ መጣና ሰኞ ሰኞ የኛ መልእክት ብቻ ቀረ። ይመልሱለት ነበር። ውሃ መጣ፣ አልመጣም፣ ጄሪካን ስሸከም ወገቤን ያዘኝ፣ ዛሬ ዝናብ ነው። አንድ ሰኞ መልእክቱ ሳይመጣ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። ያልመጡትን ወደ ኋላ ሲፈልጉ ሳያዩት ያለፉትን የዓመቱን ጥያቄ አገኙ፤ ከሥሩ «እቀጥላለሁ» ይላል። ተጫኑት።

ኦቦ ካረፉ በኋላ ገጻችን ላይ የወጣው የዚያ ሰፈር የውሃ ዜና በሙሉ ከኚህ ሴት የመጣ ነው። ሰው ሞቶ ዜናው እንዴት እንደቀጠለ የጠየቀ የለም፤ ሙያዬ መጠየቅ የሆነው እኔም አልጠየቅኩም።

«ማን ነው የሚጽፍልኝ?» አሉኝ።

«ሰው አይደለም። መሣሪያው ነው፤ ለሁሉም እኩል ይልካል።»

«መልሴንስ ማን ያነበዋል?»

«ማንም። መጣ ወይም አልመጣም የሚለውን ወስዶ ገጹ ላይ ያወጣዋል። የቀረውን ይተወዋል።»

የነጠላቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«‹እንደምን ሰነበቱ›ን ግን መሣሪያ አይጽፈውም። ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ» አሉ። «እኔ በየሳምንቱ ነው የመለስኩት።»

ላጽናናቸው ብዬ መዋሸት አልፈለግኩም።

ቀጥለው፣ የመጣሁት ላወጣቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። እሱ የኔ ብቻ ውሳኔ አይደለም አልኳቸውና እዚያው ቁጭ ብዬ ለሱሉልታው ልጅ ደወልኩ። ኮዱ ውስጥ መግባት አይችሉም አለ። ኮዱን አልፈለጉም አልኩት። ታዲያ እኚህ ሴት ለማኅበሩ ምን ናቸው ሲለኝ፣ የቡራዩን ውሃ ሲነግሩን የኖሩት እሳቸው ናቸው አልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አባል ይሁኑ አለ፤ በኦቦ ስም ግን አይሆንም፣ ሰው ሁሉ ደንግጧል።

ችግሩ ስልኩ ነው። በአንድ ቁጥር ላይ መዝገቡ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። እሳቸው እንዲገቡ ኦቦ መውጣት አለባቸው። ሌላ ስልክ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«አለኝ። መልእክቱ ግን እዚህኛው ላይ ነው የሚመጣው» አሉ፤ የባላቸውን ስልክ በሁለት እጅ ይዘው።

ላፕቶፔን ከፍቼ መዝገቡ ላይ የኦቦን ስም ፈልጌ አገኘሁት። ቀጥሎ የሚሆነውን ሳላስጌጥ ነገርኳቸው፤ ስማቸው ይጠፋል፣ ገጹን ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ሥራ ግን በስማቸው ተመዝግቦ ኮዱ ውስጥ ይቀራል። ኦሮምኛውን አሳዩኝ አሉ። ገጹን ከፈትኩላቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ ታች አነበቡት። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ ብለው፣ እዚህች ቃል ላይ ተሟግተን የረታሁት እኔ ነኝ አሉ።

ከዚያ ተነሱ።

«እርስዎ ይጫኑት። እኔ ቧንቧዋን አይቼ ልምጣ።»

ጓሮ ሄዱ። ቧንቧው ሲከፈት ይሰማኛል፤ ውሃ ሲወርድ ግን አይሰማኝም። ስሙን ሰረዝኩት። ሲመለሱ ፊታቸውን አላየሁም፤ ስምዎን ማን ልበል አልኳቸው።

«የኔን?»

«አዎ፣ የእርስዎን።»

«እድር ላይ እንኳ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም» አሉና ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል ነገሩኝ።

ሰበታ ስመለስ መሽቷል። እሑድ ከሳጥኖቹ አጠገብ አንድ ሳጥን ጨመርኩ፤ አባላት የሚጽፉትን ሳይቆርጥ በሙሉ ወደኔ ስልክ የሚልክ። ለሱሉልታው ልጅ ስነግረው፣ ይሄን ሁሉ ሊያነቡ ነው ወይ ብሎ ተገረመ። ጊዜ አለኝ አልኩት።

ሰኞ የሳምንቱ ጥያቄ ለሁሉም ተላከ። ብዙዎቹ በአንድ ቃል መለሱ። ከቡራዩ የመጣው፣ ውሃ አልመጣም፣ ወገቤ ተሽሎኛል፣ እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ ይላል። «አልመጣም» የሚለው ወዲያው ገጹ ላይ ወጣ። ለቀረው እኔ በእጄ መጻፍ ጀመርኩ፤ እዚህ ሰበታም ውሃ የለም፣ ደህና ነኝ፣ ብዬ።