የአልኮል ኩራዟና የቶሎሳ እጅ

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ውስጥ ተረት የምንሰማው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እህል ይዘን ሄደን ወረፋ እንይዛለን፤ ተራችን እስኪደርስ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ጉተማ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አንድደው፣ ፋኖሳቸውን ከበሩ መቃን ላይ ሰቅለው ይቀበሉናል። ያኔ የፍሙ ሙቀት ፊታችንን፣ የምሽቱ ብርድ ጀርባችንን ይዞን፣ ጢሱ ከዱቄቱ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫችንን እየኮረኮረን፣ አፋቸውን እስኪከፍቱ እንቁነጠነጥ ነበር።

ተረታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ጅብና አህያ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ሲገናኙ። ግን በየምሽቱ አንዲት ነገር ይለውጡበታል። «ወንዙ የትናንቱ ወንዝ ነው፤ ጅቡም የትናንቱ ጅብ ነው። አህያዋ ግን ዛሬ ታነክሳለች። ኢጆሌ፣ ማል ታአ?» ይሉናል። ልጆች፣ እንግዲህ ምን ይሆናል ማለታቸው ነው። መጨረሻውን የሚነግሩን ሁላችንም ከገመትን በኋላ ነበር። አንዱ ቸኩሎ «ጅቡም ጠግቦ ከሆነ...» ካለ ዱላቸው ከመሬት ይነሳል።

«ቆይ አንተ! ሁለቱን አንድ ላይ ለውጠህ አህያዋ ብትተርፍ፣ ያተረፋት የትኛው ነው ልትለኝ ነው?»

እኔ ከመገመቴ በፊት ሦስት ጊዜ ስለማስብ ተራዬ ብዙ ጊዜ ያልፈኝ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ቶሎሳ ግን ሳያስብ ይጮህና፣ የሚያናድደው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ቶሎሳ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜም የምንሠራው ሁለታችን አብረን ነው።

የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ጠረጴዛና አንዲት በአልኮል የምትነድ የብርጭቆ ኩራዝ ያሉበት ጠባብ ክፍል ነበር። የሳይንስ አስተማሪያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በሰሌዳው ላይ «የምትነድ ኩራዝ ላይ አልኮል አይጨመርም። በክዳኗ አፍኑ፣ ትቀዝቅዝ፣ ከዚያ ሙሉ» ብለው ጽፈውልን ነበር። እኔ በቀይ ቀለም ገልብጬ አስምሬበታለሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን ጋሼ ለአፍታ ተጠርተው ወጡ። ኩራዟን የለኮሳት ቶሎሳ ነበር፤ አልኮሏ ሲጎድል ወደ እሷ ጎንበስ አለና «እስቲ እይልኝ፣ ጠፍታለች?» አለኝ። ደህና አድርጌ አየሁ። ክሯ ላይ ምንም የለም። «ጠፍታለች» አልኩት። የአልኮሉን ጠርሙስ ሲያዘነብልባት ቡፍ አለ። እሳቱ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰና እጅጌውን ያዘው። ጋሼ ሮጠው ገብተው በካፖርታቸው አፈኑት፤ የቶሎሳ ቅንድብ ተለብልቦ፣ እጁ ከአንጓው በላይ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ዲሬክተሩ መጡ። «ጠፍታ ነበር» አላቸው ቶሎሳ እያለቀሰ።

«ጠፍታ ከነበረ ማን ለኮሳት? ክብሪቱ እኮ ያለው አንተ ኪስ ውስጥ ነው!»

በእርግጥም ነበር፤ የዕለቱ ለኳሽ እሱ ነበርና። ነገ ጠዋት አባቱን ይዞ እንዲመጣ፣ ከዚያም እንደሚባረር ነገሩት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ጠፍታለች ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ምናልባት ሳላየው ክብሪት ጭሮ ይሆን እንዴ እያልኩ የገዛ ዓይኔን ተጠራጠርኩ።

የዚያን ዕለት ምሽት ወፍጮ ቤት የቶሎሳ ቦታ ባዶ ነበር። ኦቦ ጉተማ የወንዙን ውኃ አጉድለው ሁሉንም አስገመቱና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? ምላስህን ከስንዴው ጋር አስፈጨኸው እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ፍሙን እያየሁ በልቤ እቆጥር ነበር። ኩራዟ ያቺው ናት። አልኮሉ ከዚያው ጠርሙስ ነው። ቶሎሳም ያው ቶሎሳ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? መስኮቱ! ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ዝናቡ እንዳይገባ ተዘግቶ ከርሞ፣ በዚያ ሐሙስ ፀሐይ ስለወጣች ጋሼ አስከፍተውን ነበር። ብድግ ብዬ ወደ ጋሼ ቤት መሮጥ ጀመርኩ። «ዱቄትህን! ኧረ ዱቄትህን!» የሚለው የኦቦ ጉተማ ጩኸት እስከ መንገዱ ተከተለኝ።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ የላቦራቶሪውን የእንጨት መስኮት ዘጉና ኩራዟን ለኮሱ። ዲሬክተሩ፣ ቶሎሳና አባቱ በሩ አጠገብ ቆመዋል። በጨለማው ውስጥ ሰማያዊዋ ነበልባል ቁልጭ ብላ ታየች። «ከአሁን በኋላ ኩራዟን ማንም አይነካም፤ የሚለወጠው መስኮቱ ብቻ ነው» አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። ሄጄ ከፈትኩት። ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

«ይኸው ጠፋች» አሉ ዲሬክተሩ ራሳቸው።

ጋሼ ብጣሽ ወረቀት በረጅም መቆንጠጫ ይዘው ከክሯ በላይ አስጠጉ። ወረቀቱ ከባዶ አየር ላይ ቦግ አለ! የቶሎሳ አባት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ እኔ በደስታ ዘለልኩ። በዚያው ትኩሳት «ጠፍታለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አልኩ። ዲሬክተሩ አመዱን አዩና ቶሎሳን «ወደ ክፍልህ ሂድ» አሉት።

ግቢው ውስጥ ሮጬ ደረስኩበት። እንዲያቅፈኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። በጨርቅ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ እንደያዘ አየኝና «ትናንት የት ነበርክ?» አለኝ።

ያ ወረቀት ቦግ ሲል የተሰማኝ ደስታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያስፈነድቀኛል፤ ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር ሳላየው ብቀር «የለም» ሳይሆን «አልታየኝም» ማለት ለምዶብኛል። የቶሎሳ ጥያቄ ግን ከደስታዬ ጋር አብሮ ይመጣል። እስካረጋግጥ ነው የጠበቅሁት እያልኩ ራሴን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ነገር ግን ነበልባሏ ለምን እንዳልታየችን ለማወቅ ነው እንጂ ሙከራ ያስፈለገኝ፣ «ያልኩት እኔ ነኝ» ለማለት ሐሙስ ዕለትም ማረጋገጫ አያስፈልገኝም ነበር።