ጭምቱ የቀየረው ሰላምታ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ ጭምቱ ይለዋል። ውሸት ነው! ከኮምፒውተር ጋር ሲነታረክ የሚያመሽ ሰው ጭምት አይባልም። «ምን አጠፋሁ? ንገረኛ!» እያለ ስክሪን ላይ ሲጮህ የምሰማው እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ሰው ፊት ግን እውነት ነው፣ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ አብዛኛውን ቀን ቢሮ ይውላል። እኔ ከቤታችን ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለታችንንም ያሳደጉን አጎታችን ጋሼ ከእኛው ጋር ይኖራሉ።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው የዓይናቸው ብሌን ደፈረሰ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ቢለዩ ነው። ሐኪሙ በሌላ ሰው ብሌን ይቀየራል ብሎ ተራ አስያዛቸው። ተራው ሲደርስ ታዲያ ሆስፒታሉ ደውሎ አይለምንም። ድረ ገጹ ላይ «ብሌን ተገኝቷል፣ ይመጣሉ?» ብሎ ይጽፋል። ቶሎ «እመጣለሁ» ያላለ ሰው ተራው ለሌላ ይተላለፋል፤ ብሌን እንደ ጨርቅ መደርደሪያ ላይ አይከርምም። ቀን ቀን ደግሞ ቤት የሚውሉት ጋሼ ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ገጹን ማየት አይችሉም።

ጭምቱ ለዚህ ብሎ ፕሮግራም ሠራላቸው። ገጹን በየጊዜው እየከፈተ ያያል፣ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ የሚመልሱትን ሰምቶ ይልካል። ጋሼ ደስታቸው ወደር አልነበረውም። ሰው ማስቸገር ለእሳቸው ሞት ነው፤ ውሃ ቅጂልኝ ከማለት ቢጠማቸው ይመርጣሉ።

አንድ ጠዋት ፕሮግራሙ «መግባት አልተቻለም» አለ። ከሰዓት በኋላም ያንኑ ደገመ።

«ተባረርን እንዴ?» አሉ ጋሼ። ለቀልድ ነበር ያሉት፣ ድምፃቸው ግን አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መከራ ማን ይናገረው! እስኪስተካከል ድረስ ገጹን በስልኬ እየከፈቱ መጠበቅ የእኔ ዕጣ ሆነ። በአንድ እጄ ጨርቅ፣ በአንድ እጄ ስልክ። የአንዷን ደንበኛ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ሽንት ቤት እንኳ ስልክ ይዤ ነበር የምገባው። ምን ላድርግ፣ ልቤ ተንጠልጥሏል። እኔ ለአፍታ ዞር ባልኩበት የጋሼ ዓይን ለሌላ ሰው ቢሄድስ?

ጭምቱ ነገሩን ያስረዳኝ ምሳ ላይ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች በምስጢር ከመነጋገራቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ አለኝ። እንግዳው «እነዚህን እነዚህን የምስጢር መቆለፊያዎች አውቃለሁ» ብሎ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፣ ባለቤቱ አንዱን ይመርጣል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ሰላምታ ራሳቸው አይጽፉትም፤ ላይብረሪ ከሚሉት፣ ሌሎች ሠርተው ካስቀመጡት ሥራ ይወስዱታል። ስለዚህ ያንን ላይብረሪ የሚጠቀም ሁሉ ሰላምታው አንድ ነው። ሰላምታው አሻራ ሆነ ማለት ነው።

«ታዲያ?» አልኩት።

«ታዲያማ ሌቦችም በዚሁ ላይብረሪ እየመጡ ሆስፒታሉን አስቸገሩት። አሁን የገጹ ጥበቃ ይህን አሻራ ያየበትን ሁሉ ይመልሳል። አንቺ በስልክሽ ገጹን የምትከፍችበት ብራውዘር ግን ሰላምታው ሌላ ስለሆነ ያልፋል።»

«ጋሼን ከሌባ ጋር ደባለቃቸው በለኛ! አቤት ድፍረት!»

«እትዬ፣ ጥበቃው እኮ ፕሮግራም ነው። ምኑ ይደፍራል?»

ወንድሜ ስልክ አንስቶ የማያውቀውን ሰው አነጋገረ፤ ይህም ራሱ ጉድ ነው። የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። «ጥበቃው የተገዛ ነው፣ ውስጡን መነካካት አልችልም» አለው። «ሰላምታው የብራውዘር ከመሰለ ግን ያሳልፋል። አንተ ቀይረውና ና፤ ለአለቃዬ ነግሬ አስፈቅድልሃለሁ።» በማግስቱ ፈቃዱ መጣ።

ጭምቱ ላይብረሪውን ከፍቶ የብራውዘሩን ሰላምታ አንድም ሳያዛንፍ ገለበጠበት። ሞከረው። ጥበቃው አሳለፈው! እልል ልል አፌን ስከፍት ግንኙነቱ ድርግም አለ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ድርግም።

ቅስሙ ተሰበረ። እህል ሳይቀምስ ሲቆፍር ውሎ ጥፋቱን አገኘው። ብራውዘሩ ከሚያውቃቸው መቆለፊያዎች አንዷን የእኛ ላይብረሪ ጭራሽ አያውቃትም። ሰላምታው እንዲመሳሰል ብሎ ግን እሷንም አብሮ ጽፏታል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ከዚያ ሁሉ መርጦ መርጦ «በዚህች እንነጋገር» የሚለው እሷኑ ነው። ያን ጊዜ የእኛው ምላሱ ይተሳሰራል።

«መስፋት የማልችለውን ቀሚስ በር ላይ ሰቅዬ፣ ደንበኛዋ ያንኑ ስፊልኝ ስትለኝ ማለት ነው» አልኩት።

«እንደሱ።»

«አውርደዋ!»

«ባወርዳት አሻራው ይለወጥና ጥበቃው ይመልሰናል።»

«እንግዲያው አሰፋፉን ተማር።»

ከት ብሎ ሳቀ። «እሱኑ ጀምሬያለሁ» አለና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

እውነትም ላይብረሪውን ያችን መቆለፊያ አስተማረው። ቀላል አልነበረም፤ ሲነታረክ ሰነበተ፣ እኔም እጅጌ ሳበላሽ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ገባ፣ ግንኙነቱም ጸና፣ የጋሼ ተራ እንዳለ መሆኑን ጮክ ብሎ አነበበ። ጋሼ ተነስተው በዳበሳ ወንድሜን ፈልገው ግንባሩን ሳሙት። እኔ ደግሞ ስልኬን ወርውሬ ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ኡፈይ!

ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ፣ የአንዲት ደንበኛ ወገብ እየለካሁ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ? ብሌን ተገኝቷል አለኝ። ነገ ጠዋት ይመጣሉ ወይ አለኝ።»

«እና? ጋሼ፣ እና? ቆይ፣ መጣሁ፣ እንዳያልፍዎት! እየሮጥኩ ነው!»

«ምን ያሯሩጥሻል? እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ተቀብለናል ማለታቸውንም አንብቦልኛል። አልቋል እኮ።»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ከደረቴ ላይ ምን እንደተነሳልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሜትሩን ለማንሳት አጎነበስኩ።

«አንቺ፣ አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«ስሚ፣ ከፈራሽ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ።