ከቧንቧው አሥራ አራት እርምጃ

ግቢያችን ውስጥ ኪራይ ያልሞላለት ሰው ከሦስት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ቀኑ ሲደርስ ይታመማል፣ ወይ በውኃ መቆራረጥ አሳቦ አከራይዋን ቀድሞ ይጣላል፣ ወይ ይደበቃል። እኔ ከታማሚዎቹ ነኝ። ጎረቤቴ ፊደል ግን ከተደባቂዎቹ ነበር።

ፊደል ያልነው የሱቅ ሰሌዳ ስለሚጽፍ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ጎማ ጥገና ሁሉ ስሙን ያገኘው ከእሱ ብሩሽ ነው። የአንዲት ፊደል እግር ከመስመር ወረደች ብሎ ሙሉ ሰሌዳ ፍቆ እንደገና ሲጽፍ አይቻለሁ፤ የጤና አይመስለኝም። በኋላ ባነር የሚያትም ማሽን መጣና ሥራው ተቀዛቀዘ። ባለሱቆቹ የሚፈልጉት የሚያብረቀርቅ ነገር ነው፤ የፊደል እግር ማን ያያል? በዚያው ሰሞን ኪራይ ጨመረና እጅ አጠረው። ጠዋት እያፏጨ ይወጣ የነበረ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ከግቢ ሹልክ ማለት ጀመረ።

ሌላ ርካሽ ቤት ፈልጎ እንዳይሄድ ደግሞ አባቱ አሉ። ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የሽማግሌው ዓይን የጠፋው በስተርጅና ነው፤ እዚህ ሲመጡ እንደ ዕቃ ካስቀመጧቸው ቦታ አይነሡም ነበር። እርምጃ እየቆጠሩ ግቢውን እስኪያጠኑት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከበራቸው እስከ ቧንቧው አሥራ አራት፣ ከቧንቧው እስከ ሽንት ቤቱ ዘጠኝ። አሁን ክንዳቸውን የሚይዝ ካለ ይቆጣሉ።

«ሌላ ግቢ ከወሰድኳቸው እንደገና ይቀመጣሉ። አሁን ከተቀመጡ ደግሞ አይነሡም» አለኝ ፊደል አንድ ቀን።

ሁለት ወር ተደበቀ። በሦስተኛው ወር መጀመሪያ አከራያችን በሩ ላይ ጠበቀችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሰው ዓይን እያየች መቆጣት ስለማትችል የሚከብዳትን ሁሉ ለግድግዳ ነው የምትናገረው።

«አንድ ሰሌዳ እንድትጽፍልኝ ፈልጌ ነበር» አለች ለግድግዳው።

«ምን የሚል?»

«የሚከራይ ክፍል የሚል።»

የትኛው ክፍል ብሎ አልጠየቀም። ከስድስቱ ክፍሎች አንድም ባዶ እንደሌለ ያውቃል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ አላዳመጥኩም ብል ውሸት ነው። ፊደል ከሁለት ወር በፊት መናገር የነበረበትን ያኔ ተናገረ።

«እጽፋለሁ፣ እትዬ። ያለብኝን ባንዴ መክፈል አልችልም፤ አጥሩንና በሮቹን በሙሉ ቀለም ልቀባልዎትና ከዕዳዬ ያስቡልኝ። ክፍሉንም ያከራዩት። ለኛ ከጓሮ ያለውን ዕቃ ቤት ይስጡን፤ የሱን ኪራይ አላጎድልም።»

«ዕቃ ቤቱ እኮ መስኮት የለውም።»

«ለአባቴ መስኮት ምን ያደርግላቸዋል?»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። «አንተስ?»

ፊደል ጎንበስ ብሎ በእጁ የያዘውን ጫማ አጠለቀ። እሷም አልደገመችም፤ ቁልፉን ልታመጣ ገባች። ሁለት ወር ጫማ በእጅ ያስያዘው ነገር በሁለት ደቂቃ አለቀ። በጣም ተናደድኩበት፤ ከዚያ የራሴ ሕመም ትዝ አለኝና ተውኩት።

ለአባቱ ግን እውነቱን አልነገራቸውም። «ጣሪያው ሊጠገን ነው፣ ለጥቂት ቀን ነው» ብሎ አዛወራቸው። ከዕቃ ቤቱ እስከ ቧንቧው ስድስት እርምጃ መሆኑንም አብሯቸው ቆጠረ። ከዚያ ሰሌዳውን በቀይ የዘይት ቀለም ጻፈና የድሮው በራቸው ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ቧንቧው ላይ ፊታቸውን ታጥበው ሲያበቁ እግራቸው የለመደውን መንገድ ያዘ። አሥራ አራት ቆጠሩ። በሩን ሊገፉ የዘረጉት እጅ ቀለሙ ገና ያልደረቀው ሰሌዳ ላይ አረፈ። መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ፊደል ሮጦ ደረሰ።

«ቀለምህ ነው» አሉት። «ምን ይላል?»

ፊደል የተንጋደደውን ሰሌዳ አቃና።

«ጣሪያ ሲጠገን ሰሌዳ ይሰቀላል እንዴ? ምን ይላል፣ ልጄ?»

«የሚከራይ ክፍል ይላል፣ አባባ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ቀስ ብለው ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ ቧንቧው አዞሩ።

«ካዲሱ ቤት እስከ ቧንቧው ስንት ነው ያልከኝ?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው ውኃው ቀረበልኝ ማለት ነዋ» አሉና፣ ክንዳቸውን ሊይዝ የተዘረጋውን የልጃቸውን እጅ ገፍተው መቁጠር ጀመሩ።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደላት በመዳፋቸው ተጠርገው ቀርተዋል። ፊደል አላስተካከላቸውም።